የከተማው ጫፍ እንግዶች፦ ወፎቹና ጭቃው

(ይህ አቃቂ አካባቢ ለተፈጥሮ ክበብ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ቆረጥ ቆረጥ አድርጌዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ጥቂቶቹን ጨምሬያለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ያውም ኳስ ባለበት ቀን፣ ስለ ወፍ ልትሰሙ መምጣታችሁ ራሱ ያስመሰግናችኋል። እኔም ቃል እገባለሁ፤ አላስረዝምም። መምህር ሲባል ግን ቃሉን እንዴት እንደሚጠብቅ ታውቃላችሁ።

በመስቀል ወፍ ልጀምር። አደይ አበባ ሲፈነዳ ብቅ ይላል፣ አደይ ሲረግፍ ይጠፋል፣ ሁለቱ ቀጠሮ አላቸው እየተባልን ነው ያደግነው። ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ብዙዎቻችን የመስቀል ወፍ የምንላቸው ቀያዮቹ፣ ቢጫዎቹና ጅራተ ረጃጅሞቹ ትናንሽ ወፎች የትም አይሄዱም። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናቸው። የመራቢያው ወቅት ሲደርስ ወንዱ ጌጡን ይለብሳል። ወቅቱ ሲያልፍ ያወልቀውና እንደ ሴቷ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። እኛ ሄደ እንላለን። እሱ አጥራችን ላይ ተቀምጦ ያየናል።

በዚያው በመስከረም ግን እውነተኛ መንገደኞች ይገባሉ። ከሳይቤሪያ የሚመጣ አለ። ከሰሜን ሩሲያ፣ ከበረዶው ጫፍ የሚመጣ አለ። ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጣ አለ። እስከ መጋቢት ድረስ እዚሁ፣ ከእኛ ሰፈር የአንድ ታክሲና የትንሽ እግር መንገድ ርቀት ላይ ይከርማሉ። ዘፈን አልወጣላቸውም። በዓል የላቸውም። አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው መምጣታቸውንም አያውቅም። ዛሬ የማወራው ስለ እነሱ ነው። ከእነሱ እኩል ደግሞ ስለ ጭቃ አወራለሁ። ለምን እንደሆነ ቆይታችሁ ታዩታላችሁ።

የውሃ ወፍ ለማየት መሄድ ሲባል በሌላው ዓለም ትዝ የሚለው የባሕር ዳርቻ ነው። በኔዘርላንድ፣ በጀርመንና በዴንማርክ ጠረፍ ዋደን የሚባል ባሕር አለ። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሽና ማለቂያ የሌለው የጭቃ ሜዳ ይገለጣል። በዓመት ከ10 እስከ 12 ሚሊዮን ወፍ ያልፍበታል። በእኛው አህጉር ሞሪታንያ ውስጥ ባንክ ዳርጊን የሚባል ፓርክ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው የተከለለው። በአውሮፓ ክረምት ከ2 ሚሊዮን በላይ የውሃ ዳር ወፎች እዚያ ይሰፍራሉ። ሰው ከዓለም ዙሪያ ትኬት ቆርጦ ሊያያቸው ይሄዳል።

እኛ ባሕር የለንም። (ስለ ባሕር በር ዛሬ አላወራም፤ ሻይ ላይ ስትደርሱ እርስ በርስ ተከራከሩበት።) ያለን ግድብ ነው። ከተማው ለራሱ ጥም ብሎ፣ ለራሱ መብራት ብሎ የሠራቸው ውሃዎች ናቸው። በስተ ምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ ገፈርሳ አለ። በስተ ምሥራቅ፣ በደሴ መንገድ ሰንዳፋ ሳትደርሱ ለገዳዲ አለ፤ ከእሱ ብዙም ሳይርቅ የድሬ ግድብ። በስተ ሰሜን ከእንጦጦ ጀርባ በክረምት ውሃ የሚተኛበት የሱሉልታ ሜዳ ነው። በደቡብ ደግሞ እዚሁ እኛ ዘንድ አባ ሳሙኤል። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ተገናኝተው የሚያርፉበት ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠራ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ የውሃ ኃይል ማመንጫ ግድብ ነው። ለወፍ ብሎ የሠራው ሰው የለም። ወፎቹ ግን አገኙት።

አሁን ወደ ጭቃው ልምጣ።

ሰው ሐይቅ ሲያይ መሀሉን ነው የሚያየው። ሰማያዊውን፣ ሰፊውን፣ ፎቶ የሚያምረውን። ከወፎቹ ብዙዎቹ ግን መሀሉ ላይ ጉዳይ የላቸውም። ጉዳያቸው ዳሩ ላይ ነው። ውሃው ሁለት ጣት፣ አራት ጣት የሚሆንበት፣ ከዚያም አልፎ እርጥብ ጭቃ ብቻ የሚቀርበት ቦታ። ትሉ፣ እጩ፣ ቀንድ አውጣው፣ የሣሩ ፍሬ ያለው እዚያ ነው።

ባሕር ዳር ይህን ጭቃ የሚገልጠው የውሃው ሙላትና ጉድለት ነው፤ በቀን ሁለቴ። እኛ ጋ ሙላቱና ጉድለቱ በዓመት አንዴ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ግድቡ ይሞላል። ዝናቡ ሲያቆም ውሃው ቀስ እያለ ይሸሻል። ጥቅምት ላይ አንድ ክር ጭቃ ይወጣል። ኅዳር ላይ ክሩ ይሰፋል። ጥር ላይ ሜዳ ይሆናል። በየሳምንቱ አዲስ እርጥብ ጭቃ፣ ያልተነካ ምግብ ይዞ ይገለጣል ማለት ነው። ወፎቹ የሚገቡት ልክ ይህ ሲጀምር ነው። ጭቃው ደርቆ ሲሰነጣጠቅና ሰሜኑ ሲሞቅ ደግሞ ይነሳሉ።

እስቲ አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ሊትል ስቲንት የምትባል ትንሽ ወፍ አለች። (የወፍ ተመልካቾች በእንግሊዝኛ ስሟ ነው የሚጠሯት፤ እኔም እንደዚያው ብላችሁ አትፍረዱብኝ።) ብትመዝኗት የአንድ እንቁላል ግማሽ ያህል ናት፤ 25 ግራም ገደማ። የምትፈለፈለው በሰሜን ዋልታ ዙሪያ ዛፍ በማይበቅልበት ምድር ነው። አባ ሳሙኤል ዳር ስታገኟት እግሯ ጥቁር፣ ሆዷ ነጭ፣ ጀርባዋ ግራጫ ነው። አትቆምም። ሦስት እርምጃ ትሮጥና ጭቃውን ትወጋለች። እንደገና ትሮጥና ትወጋለች። እንደ ልብስ ስፌት መኪና መርፌ ነው መንቆሯ የሚሠራው። ቁጭ ብላችሁ አንድ ደቂቃ ተከተሏት። እናንተ ይደክማችኋል።

አጠገቧ ስናይፕ ይቆማል። እሱ ሌላ ዓይነት ነው። ቡናማ፣ ሽንብርብር ያለ፣ ካልተንቀሳቀሰ በቀር ዐይናችሁ ሥር ሆኖ የማታዩት። መንቆሩ ከጭንቅላቱ ርዝመት እጥፍ ገደማ ነው። እስከ ሥሩ ድረስ ጭቃ ውስጥ ይከተዋል። ዐይኑ እዚያ ውስጥ ምን ያደርግለታል? ምንም። ጫፉ ላይ ግን የስሜት ሕዋሳት አሉ፤ ትሏ ስትላወስ ይሰማዋል። ከዚያ ሙሉ አፉን ሳይከፍት የመንቆሩን ጫፍ ብቻ ከፈት አድርጎ ይይዛታል። ጭቃ ውስጥ አፍ መክፈት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት፤ ለዚህ ነው ጫፉ ለብቻው የሚታጠፈው።

ከዚያ ውሃው ጉልበት ላይ የሚደርስበት ቦታ ረጃጅም ቀይ እግር ያላቸው ጥቁርና ነጭ ወፎች ይመላለሳሉ። ትንሽ ጠለቅ ሲል ዳክዬዎቹ ይጀምራሉ። አንዱ ዳክዬ መንቆሩ አካፋ ነው፤ ሰፊና ጠፍጣፋ። ውሃውን በመንቆሩ እያጣራ፣ ክብ ሠርተው እየዞሩ ይበላሉ። አንዱ ሲቀዝፍ የሚያነሳውን ከኋላ ያለው ይበላለታል። ሌላው ዳክዬ አንገተ ቀጭን፣ ጅራተ ሹል ነው፤ ቂጡን ሰማይ ሰቅሎ ጭንቅላቱን ውሃ ውስጥ ይዘፍቃል። ልጆች ሁሌ የሚስቁት በእሱ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ከዳር እስከ መሀል ሃምሳ ሜትር በማይሞላ ስፋት ውስጥ ሁሉም እንደ እግሩና እንደ መንቆሩ ርዝመት ቦታ ቦታውን ይዟል። አይጣሉም፤ ገበታው ተከፋፍሏል። ያንን ሃምሳ ሜትር ካነሳችሁት መሀሉ ምንም ያህል ውሃ ቢኖረው አብዛኛዎቹ አይመጡም። የዛሬው ንግግሬ ጉዳይ ይሄው ነው። ሌላው ሁሉ ማብራሪያ ነው።

ስለ ጉዟቸው ትንሽ ልበል፤ ሰው ሁሌ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው።

ሁሉም በአንድ መንገድ አይመጡም። ሽመላ ትልቅ ወፍ ነው፤ ክንፉን እያርገበገበ ሺህ ኪሎ ሜትር መጓዝ አይችልም። ስለዚህ የሞቀ አየር ይፈልጋል። መሬት በፀሐይ ሲግል አየሩ ወደ ላይ ይወጣል። ሽመላው እዚያ ውስጥ ገብቶ እየዞረ ከፍ ይላል፤ ከላይ ሆኖ ደግሞ ቁልቁል ይንሸራተታል። ነዳጅ ቆጣቢ ነው። ችግሩ ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር እንደልብ አይነሳም። ስለዚህ የምሥራቅ አውሮፓ ሽመላዎች ሜዲትራንያንን በቀጥታ አያቋርጡም። በኢስታንቡል በኩል ይዞራሉ፣ በሲና ያልፋሉ፣ ናይልን ተከትለው ወደ ሱዳንና ወደ እኛ ይወርዳሉ። በስምጥ ሸለቆና በቀይ ባሕር መስመር እንዲህ እየተንሳፈፉ የሚያልፉት ወፎች 37 ዓይነት ናቸው፤ ቁጥራቸው ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ነው። ንስርና ጭልፊትም አሉበት።

ትንንሾቹ ግን ክንፋቸውን እያርገበገቡ፣ በሌሊትም ጭምር፣ ባሕሩንም በረሃውንም ቀጥ ብለው ያቋርጣሉ። ስንቃቸው ሰውነታቸው ላይ ያለው ስብ ነው። ይህ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ለማወቅ አንድ የባሕር ዳር ዘመዳቸውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2022 መከታተያ መሣሪያ የተገጠመለት ጎድዊት የሚባል ወፍ ከአላስካ ተነስቶ አውስትራሊያ ታዝማኒያ ደሴት ላይ አረፈ። 13,560 ኪሎ ሜትር፣ 11 ቀን። መሀል ላይ አላረፈም፣ አልበላም፣ አልጠጣም። ገና በዚያው ዓመት የተፈለፈለ ጫጩት ነበር። ይህን ያህል መንገድ የሚያስኬደው ስብ የሚጠራቀመው ጭቃ ላይ በሚበላበት ጊዜ ነው። ጭቃው ማደያቸው ነው።

የፈረንጅ ሊቃውንት ይህን ያወቁት ብዙ ዘግይተው ነው። ወፎች በአውሮፓ ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ ሐይቅ ሥር ጭቃ ውስጥ ይተኛሉ የሚሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1822 ሰሜን ጀርመን ውስጥ ክሉትስ በሚባል ቦታ አንድ ሽመላ ተገኘ። አንገቱ ላይ ወደ 80 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ጦር ተሰክቶበታል። ጦሩን ሲመረምሩት የአፍሪካ ሆነ። ወፉ እዚህ አህጉር ላይ ተወግቶ፣ ጦሩን እንደያዘ፣ አገሩ ገብቷል ማለት ነው! ዛሬም ሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጦሩ እንደተሰካበት ደርቆ ይታያል። እዚያ ሄዶ ያየ ካለ ፎቶውን ያሳየኝ።

አሁን ወደ እኛ አካባቢ ልመለስና የምወደውን ነገር ልንገራችሁ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ አንድ ቀን ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ከሰዓት ላይ አባ ሳሙኤል ዳር ሂዱ። ከውሃው ትንሽ ራቅ ብላችሁ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተቀመጡ። ዝም በሉ። መጀመሪያ ድምፅ ነው የሚመጣው። ከሩቅ፣ ከታረሰው መሬት በላይ፣ ጥሩምባ የሚመስል ድምፅ። ለብዙ ደቂቃ ድምፁን ብቻ ትሰማላችሁ፤ ከዚያ መስመር ሠርተው ይመጣሉ።

እነዚህ ግራጫዎቹ ክሬኖች ናቸው። ቁመታቸው ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ክንፋቸው ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሜትር አካባቢ ነው። አንገታቸው ጥቁርና ነጭ፣ አናታቸው ላይ ቀይ ምልክት አለች። ሲቆሙ ከኋላ ጅራት መስሎ የሚንጠለጠለው ጅራታቸው አይደለም፤ የክንፋቸው ላባ ነው። ሲበሩ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ነው። ሄሮን የሚባለው ሌላው ባለ ረጅም እግር የውሃ ዳር ወፍ ደግሞ አንገቱን አጥፎ ነው የሚበረው። ይህችን ብቻ ከያዛችሁ ከሩቅ ትለዩአቸዋላችሁ።

ሲያርፉ መንጋውን ሳይሆን ቤተሰቡን ፈልጉ። ሁለት ትላልቆች፣ መሀላቸው አንድ ወይም ሁለት ጭንቅላታቸው ቡናማ የሆኑ። እነዚያ ጫጩቶቻቸው ናቸው። ቁመታቸው ከወላጆቻቸው እኩል ሆኖ ድምፃቸው ግን ገና የሕፃን ነው፤ ትላልቆቹ ጥሩምባ ሲነፉ እነሱ ቀጭን ፉጨት ያሰማሉ። መንገዱን የሚማሩት ከአባትና ከእናታቸው ጋር እየበረሩ ነው። ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ጅብ ወይም ቀበሮ ቢመጣ ውሃው ይንቦጫረቃል፤ ይነቃሉ።

ቀን ቀን የሚውሉት እርሻ ላይ ነው። ይህ ጥቁር መሬታችን ከክረምት የተረፈ እርጥበት ይይዛል፤ ሽምብራውና ጓያው በዚያ ነው የሚበቅለው። ጤፍና ስንዴ ሲታጨድም የረገፈው ይቀራል። ክሬኖቹ ይህን ያውቃሉ። አንድ ጊዜ ማሳ ጫፍ ላይ ወንጭፍ ይዘው የተቀመጡ አዛውንት አገኘሁ። ሰላምታ ሰጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ እነዚህን ወፎች ያውቋቸዋል?»

«አላውቃቸውም? ሽምብራዬን የሚያውቁት እነሱ አይደሉ!»

«አይባረሩም?»

«እኔ ስጮህ ወደ ጎረቤቴ ይሄዳሉ። እሱ ሲጮህ ወደ እኔ ይመለሳሉ። እንዲሁ ስንቀባበላቸው ይመሻል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚመጡት?»

«አባቴም ያባርራቸው ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «የቀሩ ዓመት ግን ደስ አይለኝም» አሉ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው ትከሻቸውን ነቀነቁና ወንጭፋቸውን አነሱ። አንዱ መንጋ ሊያርፍ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አገር የዱር ዳክዬና ዝይ የመብላት ልማድ የለም ማለት ይቻላል። በጾሙም በፍስኩም ማንም ወደ ውሃ ሄዶ ዳክዬ አያድንም። በሚመጡበት መንገድ ብዙ አገር ጠመንጃ ይጠብቃቸዋል። እዚህ ሲደርሱ ከብት በሚጠጣበት፣ ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት ዳር ተረጋግተው ሲበሉ ታዩአቸዋላችሁ። እንግዳ ተቀባይነት ስንል ብዙ ጊዜ ጉራ አለበት። ይህኛው ግን ጉራ የለበትም፤ ሳናውቀው የምናደርገው ነው።

ለማየት ምን ያስፈልጋል? ብዙ አያስፈልግም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ። እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ያርገበግበዋል፤ ሁሉም ወፍ ጥላ ይመስላል። ፀሐይን ጀርባችሁ ላይ አድርጉ፤ ጠዋት ከውሃው ምሥራቅ በኩል፣ ማታ ከምዕራብ በኩል። ደብዘዝ ያለ ልብስ ልበሱ። ነጭ ጋቢ ለብሶ የመጣ ሰው አይቼ አውቃለሁ፤ ዳክዬዎቹ ከእኔ ቀድመው አዩት። ጫማ ስትመርጡ የምትሄዱበት አፈር የኛ ጥቁር አፈር መሆኑን አስቡ። ከረጠበ ጫማችሁን ያስቀርባችኋል።

ሩቁን በሚያቀርበው መነጽር ላይ የተጻፉት ሁለት ቁጥሮች ሰውን ያደናግራሉ። 8 በ42 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ለጀማሪ 8 ይበቃል። 20 እጥፍ ያቀርባል ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ሳቅ ብላችሁ እለፉት፤ በእጅ ሲያዝ ስለሚንቀጠቀጥ ወፉ ሳይሆን የልብ ምታችሁ ነው የሚታያችሁ። ለሦስት ሰው አንድ መነጽር ይዞ መሄድም ይቻላል። እንዲያውም ያጨዋውታል።

ዋናው ግን መታወቂያ ነው። አትሳቁ! ገፈርሳና ለገዳዲ የመጠጥ ውሃችን ናቸው፤ ጥበቃ አላቸው፣ መሆንም አለበት። ቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ግድቡን ራሱን ፎቶ አታንሱ። መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ግድብ ዳር የሚዞር ሰው ጥሩ አይመስልም፤ እኔ ጥበቃ ብሆን እኔም አስቆመዋለሁ። አንዱ ጥበቃ «እህቴ፣ ምንድነው የምታዪው?» አለኝ። «ዳክዬ» አልኩት። አላመነኝም። መነጽሩን ሰጠሁት። እሱ ሲያይ፣ ሲያይ፣ ሲያይ የእኔ ሰዓት አለቀ። አሁን ስሄድ «ዛሬ ጅራተ ሹሎቹ ገብተዋል» ብሎ የሚቀበለኝ እሱ ነው።

ገፈርሳ ከሄዳችሁ ብርዱን አትናቁ፤ ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከእንግዶቹ ጋር ባለቤቶቹንም ታያላችሁ። ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው ያለው፤ ከኤርትራ ጋር እንጋራዋለን የሚባሉ ሌሎች ብዙ ወፎች አሉ፣ ይህ ግን ሙሉ በሙሉ የኛ ነው። ደረቱን ወጣ፣ ጭንቅላቱን ጀርባው ላይ ጣል አድርጎ ይቆማል። ፈረንጅ እሱን ለማየት ብቻ አውሮፕላን ይሳፈራል።

ወደ በርጋ፣ ወደ ሆለታ በኩል ስላለው ረግረግ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። በክረምት ነጭ ክንፍ ያላት አንዲት በጣም ትንሽ ወፍ ትፈለፈልበታለች። በዓለም ላይ ያላት ቁጥር ከ250 እንደማይበልጥ ይገመታል። እዚያ አትሂዱ። ወይም ሂዱ፣ ግን ከሣሩ ውጭ ቁሙ። ጎጆዋ ሣር ውስጥ መሬት ላይ ነው፤ ልትታይ የማትወድ ወፍ ናት፤ የእኛም ጫማ ያጠፋታል።

አሁን ደስ ወደማይለው ልምጣ። አባ ሳሙኤል ይሸታል። እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የከተማው ፍሳሽ፣ የፋብሪካው፣ የቄራው፣ የቆዳው፣ ሁሉም በሁለቱ አቃቂዎች ታጥቦ እዚያ ይገባል። በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ እኛው እንበላዋለን። ስለ ወፍ ስናገር ሰው «መጀመሪያ ሰው!» ይለኛል። እውነት ነው። ግን ውሃው አንድ ነው።

የሚገርመው ቆሻሻው መጠኑን እስካላለፈ ድረስ ወፍን አያባርርም። የፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬዎች በመላው ዓለም የወፍ ተመልካቾች ተወዳጅ ቦታ ናቸው፤ እጩና ትል ይበዛባቸዋል። ስለዚህ «ወፍ ስላለ ውሃው ንጹህ ነው» የሚል ካጋጠማችሁ አትመኑት። ከፋብሪካ የሚመጣው ብረታ ብረት ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ትሉ ውስጥ ይገባል፣ ከትሉ ወፉ ውስጥ።

ከሽታው ይልቅ እኔን የሚያሳስቡኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ እምቦጭ ነው። ጣና ላይ ከመታየቱ ብዙ ዓመት በፊት ቆቃና አባ ሳሙኤል ያውቁታል። ሰው መሀሉን ሲሸፍን አይቶ ይደነግጣል። እኔ ዳሩን ሲሸፍን ነው የምደነግጠው፤ ስቲንቷ በእምቦጭ ላይ መሮጥ ትችል ይሆናል፣ ጭቃውን መውጋት ግን አትችልም።

ሁለተኛው እኛው ነን፤ ያውም ጥሩ ስንሠራ። የወንዝ ዳርና የሐይቅ ዳር ማልማት ዛሬ ፋሽን ሆኗል። ፓርክ እወዳለሁ፤ ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ። ግን አሠራራችን አንድ ዓይነት ነው። ጭቃውን እንጠርጋለን፣ በድንጋይ እንገነባለን፣ ሣር እናለብሳለን፣ መብራት እንተክላለን። ሲያልቅ ያምራል። ውሃው ከግንቡ ሥር ቀጥ ብሎ ይጠልቃል። ያ ሃምሳ ሜትር ጠፋ ማለት ነው። ዳክዬ ጥቂት ይቀራል፤ ሌላው ይሄዳል፤ ማንም አያስተውልም፤ ምክንያቱም መጀመሪያውኑ ሲመጡ ያየ የለም። ሱሉልታ ላይ ደግሞ ሜዳው በቤትና በፋብሪካ እያነሰ ነው። ደረቅ ወር ላይ ለሚያየው ሰው ባዶ መሬት ይመስላል። በነሐሴ ቢያየው ኖሮ መሠረት አይቆፍርበትም ነበር።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። ሐይቅ ስናለማ አንዱን ዳር እንተወው። ሳይገነባ፣ ሳይጠረግ፣ እንደ ተንጣለለ። አንድ የእንጨት መመልከቻ ማማ ራቅ አድርገን እንሥራና ሰው ከዚያ ይይ። ከድንጋይ ግንብ ይረክሳል። መሐንዲስ የሆናችሁ እዚህ ካላችሁ ሒሳቡን ሥሩትና ንገሩኝ።

ከጥያቄዎቹ ጥቂቶቹ፦

አንዲት እናት ስለ ወፍ ጉንፋን ጠየቁኝ። «ልጄን ልላክ ወይ?» ላኩ፣ እማማ። ከሩቅ ማየት አያሳምምም። የሞተ ወፍ ግን እንዳይነካ ንገሩት። ብዙ ወፍ አንድ ላይ ሞቶ ከታየ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መንገር ነው። ዶሮ የምታረቡ ሰዎችም ዶሯችሁ ከዱር ዳክዬ ጋር አንድ ውሃ እንዳትጠጣ።

አንድ ተማሪ «መስከረም ላይ ሄጄ ዳክዬዎቹን በመጽሐፍ ካለው ሥዕል ጋር ባስተያይ አንዱም አልመሳሰል አለኝ» አለ። ጎበዝ፣ ልክ አይተሃል። ወንዶቹ ሲመጡ ላባቸውን ቀይረው ሴት ነው የሚመስሉት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቀለማቸው ይመለሳል። ለጀማሪ ጥር ይሻላል። በዓለም ዙሪያ የውሃ ወፎች ቆጠራ የሚካሄደውም በጥር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ። እኛም አገር ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በዚህ ሥራ ነባር ነው። መቁጠር የሚፈልግ ክበብ ይጠይቃቸው።

የመጨረሻውን ጥያቄ ያመጣው አንድ እረኛ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ከእነ በትሩ ነው የመጣው። የሞተ ሽመላ እግር ላይ የብረት ቀለበት አይቶ ያውቃል። «ወርቅ መስሎኝ ነበር» አለ። ወርቅ አይደለም። ላዩ ላይ ቁጥርና የአገር ስም ተጽፎበታል፤ ጎጆው ውስጥ ሳለ ነው ያሰሩለት። እንዲህ ያለ ስታገኝ ቁጥሩን በሙሉ ጻፈው፣ ቀኑንና ቦታውን ጨምርበት፣ በስልክ ፎቶ አንሳው። ለመምህርህ ስጠው፤ እሷ ወይ እሱ ለማኅበሩ ይልኩታል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያ ወፍ የት መንደር፣ በየትኛው ዓመት እንደተፈለፈለ መልስ ሊመጣልህ ይችላል። በሕይወት ካለው ወፍ ላይ ግን ቀለበት ለመፍታት እንዳትሮጥ። በመነጽር ይነበባል፤ መነጽሩን እኔ አውስሃለሁ።